የጥቅሉ ስንብት

ፀሐይ በር ከተማ ውስጥ ሪባን መቁረጥ ከቀረ ቆይቷል። ጨርቅ የቆረጠ ሹም ፎቶው አያምርም ተባለና በሪባኑ ፋንታ እውነተኛ ነገር መቆረጥ ጀመረ። አዲስ ድልድይ ሲመረቅ የአሮጌው ድልድይ ገመድ ይቆረጣል። አዲስ የውሃ መስመር ሲመረቅ አሮጌው ቧንቧ ይቆረጣል፤ ሰፈሩም አዲሱ እስኪያልቅ ያለ ውሃ ይሰነብታል። ሥራ ያጣ መነኩሴ ቆቡን ቀዶ ይሰፋል ይባል የለ? ከተማዋ ቆቡን በጭብጨባ ትቀደዋለች፤ መስፋቱን ግን እስካሁን ለማንም አልሰጠችም።

ትርሲት የሪባን ሰፊ ነበረች። ልማዱ ሲቀየር ሥራዋም አብሮ ቀረ። አሁን የተማሪ ደንብ ልብስ ትሰፋለች፤ የምትሰፋውም ብሎክ አሥራ ሰባት አምስተኛ ፎቅ ላይ፣ ከባሏ ጋር በምትኖርበት ቤት ነው። ከዚያ በታች መርፌ አይታዘዝም።

መርፌ የማይታዘዘው በጥቅሉ ምክንያት ነው። በየብሎኩ ሥር፣ ድሮ መኪና ይቆምበት በነበረው ምድር ቤት፣ ከሰው ክንድ የወፈረ ገመድ እንደ ሰፌድ ስፌት ተጠምጥሞ ተቀምጧል። ቀን ፀሐይ የምትሰጠው ኮረንቲ እዚያ ገብቶ ይዞራል፤ ሲዞርም ዙሪያው ብረት የሚስብ ኃይል ይሞላል። ኮረንቲው እስከዞረ ድረስ ያ ኃይል የትም አይሄድም። ማታ ጥቅሉ የሚሞላበትና የሚፈስበት መዘውር ቀስ ተብሎ ሲመለስ ጥቅሉም የያዘውን ቀስ እያለ ይመልሳል፤ ሰዉ ያበስላል፣ ያበራል፣ ይታጠባል። ጥቅል ድንገተኛ ነገር አይወድም። ቶሎ ሙላ ሲሉት ይለግማል፤ ቶሎ ቁም ሲሉት ይቆጣል። የሚዞርበት መንገድ በአንድ ጊዜ ከተቆረጠ፣ የያዘውን ሁሉ በተቆረጠው ቦታ ላይ ይተፋዋል፤ እዚያ ቦታ ላይ ያለው አየር ይሁን ሰው አይመርጥም።

ይህን በከተማው የማያውቅ የለም። ልጆች ፊደል ሳይቆጥሩ «ቀስ፣ ቀስ፣ መጀመሪያ መሸኛ» እያሉ ይዘምራሉ። መሸኛ የሚሉት ከጥቅሉ ተነስቶ ወደ ጋራ መታጠቢያ ቤቱ ማሞቂያ የሚሄደውን ጥቁር ገመድ ነው። እሱ ተሰክቶ ከሆነ ዋናው ገመድ ቢቆረጥም ግድ የለም፤ ኮረንቲው በመሸኛው በኩል ዞሮ ውሃ ውስጥ ሙቀት ሆኖ ያልቃል። መሸኛው ካልተሰካ ግን የሚዘመር ነገር የለም።

በብሎክ አሥራ ሰባት ሁሉም ነገር ቀስ ይላል። መብራት የሚበራው ጎህ እንደሚቀድ ነው፤ ቸኩሎ ሽንት ቤት የሚገባ ሰው በጨለማ ጨርሶ ሲወጣ ይበራለታል። ሰው በሸክላ ማንኪያ ይበላል፣ ቀበቶውን በእንጨት ቁልፍ ይቆልፋል። አንደኛ ፎቅ ላይ የወደቀ ቢላዋ ከወለል ለማንሳት ጎረቤት ይጠራል። የልብ ማሽን የተገጠመላቸው ሰዎች ከጥቅሉ እንዲርቁ ሰባተኛ ፎቅ ላይ ይኖራሉ፤ ሲሞቱም የሚወርዱት በውጭ መሰላል ነው። ይህ ሁሉ ሥልጣኔ ይባላል፤ አሳንሰሩ ላይም ተጽፏል።

ጥቅሉን የሚጠብቁት ነዋሪዎቹ በተራ ነው። ተረኛ ሰው ምድር ቤት ወርዶ መዘውሩን ይይዛል፤ መሙላት አለመሙላቱንም የሚያየው በክር በተንጠለጠለች አንዲት ምስማር ነው። ባዶ ሲሆን ምስማሯ ቀጥ ብላ ወደ ታች ትንጠለጠላለች። ሲሞላ ክሩን ወጥራ ወደ ጥቅሉ ትጋደማለች። የከተማው አስተዳደር ለየብሎኩ ስክሪን ገዝቶ ነበር፤ ስክሪኑ ሁልጊዜ «መልካም ቀን» ይላል።

የትርሲት ባል ልሳነወርቅ የብሎኩ ሞዴል ነዋሪ ነው። ሥራው ምን እንደሆነ ሲጠይቋት በቅጡ ተናግራ አታውቅም። አንድ ችሎታ አለው፤ ጭብጨባ መቼ እንደሚጀመር ያውቃል። ተናጋሪው ትንፋሽ ሊወስድ ሲል የልሳነወርቅ መዳፎች ይገናኛሉ፣ አዳራሹም ይከተላል። ሰዉ መድረኩን ትቶ የእሱን እጅ ነው የሚያየው። እሱ ሲነሳ ይነሳል፣ እሱ ሲቀመጥ ይቀመጣል። ትርሲት በዚህ ነገር ትንቀዋለች፤ ንቀቷንም ደብቃው አታውቅም። እሱ በበኩሉ መናቅን እንደ ጉንፋን ለምዶታል፤ ይዞት ይዞራል፣ አይተኛለትም።

የብሎኩ አሮጌ ጥቅል በአዲስ እንዲተካ በተወሰነ ጊዜ ኮሚቴው «የስንብት ሥነ ሥርዓት» አዘጋጀ። የጥቅሉ ዋና ገመድ አንድ ዙር ወደ ግቢው እንዲወጣ፣ አረንጓዴ ቀለም እንዲቀባ፣ ሁለት ሞዴል ነዋሪዎች ግራና ቀኝ እንዲይዙት፣ የክብር እንግዳውም በወርቅ ቅብ የነሐስ መቀስ እንዲቆርጡት ተወሰነ። አንደኛው ገመድ ያዥ ልሳነወርቅ ሆነ። የዚያን ሳምንት የጥቅሉ ተረኛ ደግሞ ትርሲት ነበረች።

ጠዋት ወርዳ መዘውሩን ቀስ እያለች መለሰች፤ ጥቅሉን አፍስሳ ባዶ አደረገችው። ምስማሯ ቀጥ ብላ ወረደች። ትርሲት በመታጠቢያ ቤቱ ሙቅ ውሃ ፊቷን ታጥባ ወደ ድንኳኑ ወጣች።

የክብር እንግዳው አልመጡም። ይህ የሚያስገርም አይደለም፤ በሰዓቱ የመጣ እንግዳ የክብር እንግዳ አይባልም። ፀሐይዋ ግን ለክብር ግድ የላትም። ድንኳኑ ውስጥ አሮጊቶች ተዝለፈለፉ፣ ድምፅ ማጉያው ዘፈኑን እየጎተተ መጥቶ ቆመ። የኮሚቴው ሊቀመንበር አቶ አውላቸው፣ ሱፋቸው ላብ ጠጥቶ፣ ትርሲትን ከወንበሯ ጠሯት።

«ማራገቢያዎቹ ለምን ቆሙ?»

«ጥቅሉ ባዶ ነው፣ አቶ አውላቸው። ሊቆረጥ አይደል እንዴ?»

«እና ክቡርነታቸው ሲመጡ ሙዚቃ ሳይኖር? ሰዉ ተዝለፍልፎ? በይ ወርደሽ ሙዪው።»

«ከሞላሁት መልሶ ለማፍሰስ ጊዜ ይፈልጋል። ጥቅል እኮ እንደ ባልዲ አይደፋም።»

«ሲቃረቡ ይደወልልናል፤ ያኔ ታፈሺዋለሽ» አሉ አቶ አውላቸው፣ በእጃቸው እንደ ዝንብ እያባረሯት።

ወርዳ ሞላችው። ማራገቢያዎቹ ዞሩ፣ ዘፈኑ ተነሳ፣ አሮጊቶቹ ነፍስ ዘሩ። ምስማሯ ክሯን ወጥራ ተጋደመች።

ማንም አልደወለም። የእንግዳው መኪኖች ድንገት ግቢውን ሞሉት፤ ትርሲት ከምድር ቤት ብቅ ስትል ክቡርነታቸው መድረክ ላይ ነበሩ። ግቢውን ዘወር ብላ ስታይ ደግሞ ጥቁሩ መሸኛ ከቦታው የለም። ተነቅሎ፣ ተጠቅልሎ ከቆሻሻ መጣያው ጀርባ ተጥሏል። ቀይ ምንጣፉን አቋርጦ ስለሚያልፍ ለካሜራ አያምርም ተብሎ ነው። ይህን ያዘዙት የኮሚቴው ሰውዬ ልጃቸውን በእሹሩሩ ፋንታ «መጀመሪያ መሸኛ» እያሉ ያስተኛሉ።

አቶ አውላቸውን ከኋላ ኮታቸውን ይዛ ጎተተቻቸው። «ጥቅሉ ሙሉ ነው። መሸኛው ተነቅሏል።»

«ክቡርነታቸው ንግግር ላይ ናቸው» አሉ ከንፈራቸውን ሳያንቀሳቅሱ። «እሷን ነገር ከንግግሩ በኋላ እናያታለን።»

«ከንግግሩ በኋላ ይቆርጡታል እኮ!»

«እንግዲህ ፕሮግራሙ እንደዚያ ነው።»

ትርሲት በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ የሹም ንግግር እንዲረዝም ተመኘች። እየተሽለኮለከች ወደ ባሏ ሄደች። ልሳነወርቅ ነጭ ጓንት አጥልቆ፣ አረንጓዴውን ገመድ በሁለት እጁ ታቅፎ፣ ለካሜራው ፈገግ ብሏል።

«ልቀቀው» አለችው በሹክሹክታ። «ሙሉ ነው።»

«አውቃለሁ» አለ፣ ፈገግታው ሳይነቃነቅ።

«ምን አልክ?»

«ማራገቢያው እየዞረ አይደል? ሁሉም ያውቃል። አንድ ሰው ይናገራል ብዬ እየጠበቅሁ ነው።»

«ለምን አንተ አትናገርም?»

«ቀጥታ ሥርጭት ነው፣ ትርሲት።»

ወደ ድንኳኑ ዞራ አየች። እውነትም ሁሉም ያውቃል። ወንበሮቹ ቀስ በቀስ ወደ ኋላ ሸሽተዋል፤ ሰዉ እያጨበጨበ በተረከዙ ያፈገፍጋል። ዝም አይነቅዝም ብሎ የተረተ ሰው እዚህ ሰፈር ሳይወለድ አልቀረም። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም፤ ልሳነወርቅም ገመዱን አይለቅም። ይህን ሰው ስትንቀው ኖራለች። ነገር ግን የናቁት ሰው ዓይናቸው እያየ ሲቃጠል መቆም ሌላ ነገር ነው፤ አንጀቷ እምቢ አላት።

ወደ ቆሻሻ መጣያው ሮጠች። መሸኛው ከባድ ነው፤ ትከሻዋ ላይ አድርጋ ጎተተችው። ቀሚሷ በጭቃና በቅባት ተለወሰ። ቀይ ምንጣፉን በመሃል አቋርጣ፣ በክቡርነታቸውና በካሜራው መካከል አለፈች፤ ጥቁሩ ገመድ ከኋላዋ ጭቃውን እያሰመረ ተከተላት። አቶ አውላቸው ዓይናቸውን ጨፈኑ። ልሳነወርቅ በጥርሱ መሃል «አዋረድሽኝ» አለ። ትርሲት ተንበርክካ አንዱን ጫፍ ግቢው ውስጥ ካለው የጥቅሉ መሰኪያ፣ ሌላውን ከማሞቂያው ሰካችና መሬት ላይ ቁጭ አለች።

ክቡርነታቸው ቆረጡ። ቀጭ አለ፤ የክብሪት ያህል ብልጭታ ታየ። ከዚያ መታጠቢያ ቤቱ ውስጥ ውሃው መንሾክሾክ፣ ቀጥሎም መንተክተክ ጀመረ፤ እንፋሎት በመስኮቶቹ ወጥቶ ግቢውን አለበሰው። የልሳነወርቅ መዳፎች ተገናኙ፤ ድንኳኑም ተከተለ።

ክቡርነታቸው ተደስተው ነበር። «ይቺን ጭቃ የለበሰች ሴት ማን አሰባት? እጅግ ጥልቅ ነው!» አሉ።

«የኮሚቴው ሐሳብ ነው፣ ክቡርነትዎ» አሉ አቶ አውላቸው፣ ዓይናቸውን ገለጥ አድርገው።

በዚህ አላበቃም። ልሳነወርቅ የከተማው ሞዴል ነዋሪ ተባለና ወርቅ የተቀባ የብረት ሜዳሊያ ደረቱ ላይ ተንጠለጠለለት፤ ያሠራው ሰው ብሎክ ውስጥ ኖሮ እንደማያውቅ ከብረቱ ያስታውቃል። ባሏ በቴሌቪዥን ቀርቦ ጥቁሩ ገመድ ያለፈው ዘመን ሸክማችን ነው፣ እንፋሎቱም ብሩህ ተስፋችን ነው ብሎ አብራራ። ትርሲት ከኩሽና ሆና ሰማችው። ገመዱ ገመድ እንደሆነ ልትነግረው ፈልጋ ነበር፤ ግን እሱ ያውቃል። የሚያንገበግባት ይኸው ነው፤ ሁልጊዜ ያውቃል።

ከዚያ በኋላ በየትኛውም ብሎክ ስንብት ላይ ጭቃ የለበሰች ሴት ጥቁር ገመድ እንድትጎትት መመሪያ ወጣ። ብሎክ ሃያ ተራው ሲደርስ ትርሲትን ራሷን ጠሯት። ጭቃ የታተመበት ንጹህ ቀሚስ አዘጋጅተውላታል። እምቢ ልትል አስባ ነበር። ግን እሷ ካልሄደች ሌላ ሴት ትጎትተዋለች፤ ሌላዋ ደግሞ ጫፉ የት እንደሚሰካ ላትጠይቅ ትችላለች። ሄደች።

የብሎክ ሃያ ግቢ ያማረ ነው። ምንጣፉ ቀይ ነው፣ ሰዉ ከየብሎኩ በአውቶቡስ መጥቷል፣ ክቡርነታቸው እንደተለመደው አልመጡም። ማራገቢያዎቹ ከጠዋት ጀምሮ ይዞራሉ። የምድር ቤቱ በር ለእንግዳው ደህንነት ሲባል ተቆልፏል፤ ምስማር የሚያይ ተረኛ የለም። ትርሲት አስተናጋጁን ወጣት በእጁ ያዘችው።

«መሸኛው ተሰክቷል?»

«ይህ የጥበብ ክፍል ነው፣ እማማ። የቴክኒኩን ጉዳይ የቴክኒክ ክፍል ያውቃል።»

«የቴክኒክ ክፍሉ የት ነው ያለው?»

«ድንኳን እየተከለ ነው» አላትና ሄደ።

ክቡርነታቸው መጡ፣ ተናገሩ፣ የወርቅ ቅብ መቀሱን አነሱ። አሁን የከተማው ሁሉ ገመድ ያዥ የሆነው ልሳነወርቅ በነጭ ጓንቱ አረንጓዴውን ገመድ ታቅፎ ፈገግ አለ። ከበሮ ተመታ። ትርሲት ጎንበስ ብላ ጥቁሩን ገመድ ወደ ትከሻዋ አነሳችው፤ ሊወድቅባት ምንም አልቀረውም። ብዙ ኃይል አውጥታ ነበር፤ ገመዱ ግን እንደ ትራስ ቀለላት።

በጣቷ ዳበሰችው። ጨርቅ ነው። ጥቁር ጨርቅ ተሰፍቶ ስፖንጅ ተጠቅጥቆበታል፤ ስፌቱም የሚያሳፍር ነው፣ ቋጠሮው ወደ ውጭ ወጥቷል። ጫፉን አየችው፤ ጫፉ በሪባን ታስሯል። ይህን ገመድ የትም መሰካት አይቻልም። እውነተኛውን መሸኛ ለማየት ግቢውን ዞራ ቃኘች። የለም።

ምንጣፉ መሃል ላይ ቆመች። ከበሮ መቺው ግራ ተጋብቶ መምታቱን ቀጠለ። ክቡርነታቸው መቀሱን ወደ ገመዱ አስጠጉ።

መጮህ ትችል ነበር። ብትጮህም የትርኢቱ ክፍል ነው ይላሉ፤ ጩኸቱም ለሚቀጥለው ብሎክ መመሪያ ይወጣለታል። ባሏን አየችው። የልሳነወርቅ ሜዳሊያ ከደረቱ ተነስቷል። ጥብጣቡን ወጥሮ፣ በአየር ላይ ተጋድሞ፣ ልክ እንደዚያች ምስማር፣ ወደ ተቆለፈው ምድር ቤት ያመለክታል። እሱ ግን ካሜራውን ያያል።

«ልሳነወርቅ» አለች፣ ድምፅዋን ሳታነሳ። «ሜዳሊያህን እየው።»

ሰውየው ስለ ሜዳሊያው የሚነገረውን ችላ ብሎ አያውቅም። ዝቅ ብሎ አየ። የፈገግታው አንድ ጫፍ ወረደ፣ ሌላውም ተከተለው። ቀጥሎ ዓይኖቹ ድንኳኑን ቃኙ፤ ሌላ ሰው እንዲናገር የሚጠብቅበት የዘወትር አስተያየቱ ነው። ድንኳኑ ግን እንደ ወትሮው የእሱን እጅ ያያል። ሊያጨበጭብ ነው ብሎ ይጠብቃል።

ልሳነወርቅ ገመዱን ለቀቀ። ከዚያ ሮጠ።

ሮጠ ማለት ያንሳል። ነጭ ጓንቱን እንዳጠለቀ፣ ሜዳሊያውን በሁለት እጁ ደረቱ ላይ ጨቁኖ፣ በወንበሮች ላይ እየዘለለ ወደ በሩ በረረ። ሁለተኛው ገመድ ያዥ አንድም ጥያቄ ሳይጠይቅ ተከተለው። ድንኳኑ በሙሉ ተነሳ። ከበሮ መቺው ከበሮውን፣ ካሜራ ያዡ ካሜራውን ጥሎ ሄደ። ከእንግዶቹ ጋር የመጡት አቶ አውላቸው በዕድሜያቸው ታይቶ በማይታወቅ ፍጥነት አጥሩን ተሻገሩ። ማንም ለምን እንደሚሮጥ አልተናገረም፤ መናገር አላስፈለገም፣ ሁሉም ያውቅ ነበር። የክቡርነታቸው ጠባቂዎች እንኳ ጥቂት አመንትተው ሕዝቡን ተከተሉ።

ግቢው ውስጥ የቀረው የማራገቢያዎቹ ድምፅ ነው። ክቡርነታቸው መቀሱን ከፍተው፣ አረንጓዴውን ገመድ በመሃሉ አስገብተው ቆመዋል። ሰው እንዲህ ጥሏቸው ሄዶ አያውቅም። ወደ ግራ አዩ፣ ወደ ቀኝ አዩ፣ ባዶ ወንበሮቹን አዩ። በመጨረሻ ምንጣፉ ላይ የጨርቅ ገመዷን ታቅፋ የቆመችውን ሴት አዩ።

«አንቺ» አሉ፣ ድምፃቸው አንሶ። «ብቆርጠው ታጨበጭቢያለሽ?»

«አላጨበጭብም» አለች ትርሲት።

ክቡርነታቸው ትንሽ አሰቡ። ከዚያ መቀሱን ምንጣፉ ላይ አስቀመጡ።